የእድራችን ሴቶች እጅ ሲያወጡ

ጀርመን፣ ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር የሚሰበሰበው እድራችን ለረጅም ዘመን ሕጉ አንድ ነበር፦ አንድ ቤት፣ አንድ ድምፅ፤ ድምፁም የባል። መሥራቾቹ በተማሪነት ጀርመን የገቡ፣ ስለ እኩልነት ሲከራከሩ የሚያነጉ ሰዎች ናቸው። እኩልነቱ ግን አዳራሹ በር ላይ ይቀራል። እኛ ወጥ ይዘን እንመጣለን፤ እነሱ እጅ ያወጣሉ። አፋችንን ስንከፍት "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ይሉንና ይስቃሉ። እኔ ግን ደሜ ይፈላ ነበር።

መንገዱን የከፈተልን ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። አብዛኞቹ ባሎች እዚያ ሻንጣ ይጭናሉ ወይም በጥበቃ ይሠራሉ፤ እሑድ ሺሽት ደርሷቸው ተረኛ ሲሆኑ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ስለዚህ ራሳቸው ወሰኑ፦ ሥራ ላይ ላለ አባል ሚስቱ በስሙ እጅ ታውጣለት። ምን እንደሰጡን ያኔ አልገባቸውም።

ከዚያ ሪደርቫልድ ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው፣ ባለቤታቸው ሞቱባቸው። እድሩ በወጉ ቀበረ። በኋላ ግን ኮሚቴው፣ ሲሞቱ እንቀብርዎታለን፣ ድምፅ ግን የለዎትም አላቸው።

"ሬሳዬ አባል ነው፣ እኔ ግን አይደለሁም?" አሉኝ ባቡር ውስጥ። እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ነዘነዝን፤ ቀረበ። ሴቶቹ በስልክ መከርን፤ በዚያ እሑድ እያንዳንዷ ባሏን ሥራ እንዲገባ ታግባባ ተባባልን። የእኔው "ቴርሚን አለኝ" ብሎ በቀጠሮ አሳቦ ሊያመልጥ ነበር። የሳምንቱን ወጥ የሚሠራልህ ሌላ ሰው ፈልግ ስለው ሥራ ገባ።

አዳራሹ በሴት ተሞላ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩን።

"ወንዶቹ የት ሄዱ?"

"ሺሽት ላይ ናቸው፣ ጋሼ" አልኩ። "ተራቸው ነው። በስማቸው እኛ አለን።"

ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ፤ አልቻሉም። "እሺ፣ የሟች አባል ሚስት ድምፅ ይኑራት የምትሉ?" አሉ። እጃችን ወጣ። እትዬም አወጡ።

"እትዬ፣ የእርስዎ ገና አይቆጠርም። በማን ስም ነው?"

"በባለቤቴ።"

"እሳቸው እኮ…"

"እሳቸውም ሺሽት ላይ ናቸው። ረዘመባቸው እንጂ።"

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው የሟቹ የልብ ጓደኛ ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው "ይቆጠርላቸው" አሉ። ውሳኔው በጭብጨባ አለፈ። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

እትዬ ግን ቀኝ እጃቸውን አላወረዱም፤ ግራውን ጨመሩበት። "እንግዲህ ይሄኛው የእኔ ነው" አሉ።

ሰብሳቢው ሳቁ። "አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው፣ እትዬ። የትኛው ይያዝልዎ?"

እትዬ ሁለቱንም እጆቻቸውን አዩ። ቀኙን ቀስ ብለው አወረዱት።

"የእኔው ይያዝልኝ" አሉ። "እሳቸው ይረፉ።"