እናቴ በርበሬዋን ያበላሸችበት ዓመት

ሰሞኑን ሀይሌ ጋርመንት ጋ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንዱ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ የተሰጣ በርበሬ ሸተተኝና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ፤ አፍንጫ የሚኮረኩረው፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው ያ ሽታ ሃምሳን የተጠጋሁትን ሴትዮ ጎትቶ ነፋስ ስልክ ከነበረው የቀበሌ ቤታችን ደጃፍ ላይ አስቀመጠኝ። ታክሲውም መጥቶ፣ ሞልቶ፣ ሄደ።

እናቴ አስካለ በርበሬና ሽሮ ለሰው ቤት ታዘጋጅ ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ ሁለታችንን የምታኖረን በዚሁ ሙያዋ ነበር። ሱቅ የላት፣ ማስታወቂያ የላት፣ ስሟ ግን ከነፋስ ስልክ እስከ ብስራተ ገብርኤል በሴቶች አፍ ይዞር ነበር። አዲስ ደንበኛ ብቻዋን መጥታ በር ያንኳኳች እንደሆነ እማዬ ወንበር ስባ፣ ውሃ አጠጥታ፣ «ማን አመጣሽ?» ብላ ትጠይቃትና፣ «ማንም፣ ሰምቼ ነው» ካለቻት በትሕትና እስከ በር ትሸኛት ነበር። የምታውቃት ሴት አብራት መጥታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እኔ አለሁባት» ማለት ነበረባት። ወርቅ በወርቅ የሆነች ወይዘሮ መልሳ፣ ነጠላዋ የተጣፈ የአንድ ዘበኛ ሚስት ሰው ይዛ ስለመጣች ብቻ በደስታ ስትቀበል አይቼ፣ «ይህቺ ሴትዮ ደህና ናት?» እያልኩ በልቤ እገረም ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ በርበሬ በማይሰጣበት ወራት፣ እጄን ይዛ ጭቃውን እየዘለልን አዲስ ደንበኛ ቤት ምሳ ልንበላ እንሄድ ነበር። እኔ ከወጡ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል እጎርሳለሁ፣ እሷ ደግሞ ሰዎቹን ታያለች፤ ማን ውሃ ቶሎ ቶሎ እንደሚጠጣ፣ ማን ግንባሩን እንደሚያልበው፣ የትኛው ልጅ እንባው እየመጣ አፍሮ ዝም እንደሚል አይታ፣ ከተነሳን በኋላ ማጀት ገብታ ከባለቤቲቱ ጋር ታንሾካሹክ ነበር። ከዚያ ለዚያ ቤት የሚሆነውን በርበሬ ራሷ ታውቀዋለች፤ ለአንዱ ኮረሪማ ታበዛለች፣ ለሌላው ዝንጅብል ትተዋለች፣ ለሕመምተኛ ፍሬውን አራግፋ ልጣጩን ብቻ ታስፈጨዋለች። የአንዷን ቤት ጉዳይ ለሌላዋ ትንፍሽ አትልም። እኔ ነኝ አንዴ «እማዬ፣ የነ እንትና አባት እኮ ሽንኩርት ሲበላ ይነፋዋል» ብዬ በሰው ፊት ቀባጥሬ ቁንጥጫዬን የቀመስኩት።

ስሟን ከሁሉም በላይ ያወጡላት ብስራተ ገብርኤል የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ነበሩ። ግማሹን ደንበኛ እጁን ይዘው ያመጡላት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ባላቸውን ጋሽ ሙሉጌታን ጨጓራ ስለሚያሰቃያቸው የእነሱ በርበሬ ቀለም እንጂ በርበሬ አልነበረም፤ ሴቶቹ «የአልማዝን ወጥ በጡጦ አድርገሽ ሕፃን ብታጠቢበት ምንም አይል!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እዚያ ቤት የሚያቃጥል የሚበላው አንድ ልጃቸው ዳንኤል ብቻ ነበር፤ ለእሱ እማዬ ሚጥሚጣ የገባበት እሳት የሆነ በርበሬ በትንሽ ጣሳ ለብቻው ታዘጋጅለት ነበር። የምነግራችሁ ዓመት ክረምት ላይ ግን ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከየሰፈሩ ይለቀም ስለነበር፣ ዳንኤል ጅማ አጎቱ ጋ ሄደ ተባለ። ቀበሌም ቤታቸውን ፈትሾ አጣው። የዳንኤል ጣሳ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ ባዶውን ቀረ።

መስከረም አልፎ፣ ኅዳር መጥቶ፣ ዛላው በርበሬ ግቢያችንን ሲያቀላው፣ ደንበኞቿ ተሰብስበው ሰሌን ላይ ተቀምጠው እየቀነጠሱ ያግዟት ነበር። ሥራው የሁሉም ነበር፣ ወሬውም እንደዚያው፤ እኔም ከሰው መሃል ገብቼ ዓይኔን እያሸሁ አለቅስ፣ ይሳቅብኝ ነበር። ያን ዓመት ከቀበሌው ሴቶች ማኅበር ወይዘሮ ዘነበች የምትባል ሴት መጥታ አብራ መቀንጠስ ጀመረች። እሷን «አለሁባት» ያለ ሰው አልነበረም። «እማዬ፣ እሷን ማን አመጣት?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ ዓይኗን አፍጥጣ «ዝም በይ!» አለችኝ። ሕግ አውጪዋም ሕግ አፍራሿም ራሷ ሆነች፣ ምን ልበል!

አንድ ቀን ሁሉም እየቀነጠሱ ሳለ እትዬ አልማዝ መጡ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ሐሳብ ይዟቸው ሄዷል። ገና ከመቀመጣቸው፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ እንኳ ሳያዩ፣ «አስኩዬ፣ ዘንድሮ የሚያቃጥለውንም እንደ በፊቱ ጨምሪልኝ፣ ሚጥሚጣ ያለበትን» አሉ።

የሴቶቹ እጅ ባለበት ቆመ። ወይዘሮ ዘነበች የያዘችውን ዛላ ከእጇ ሳትጥል፣ ፈገግ ብላ፣ «ለማን ነው እትዬ አልማዝ? ለጋሽ ሙሉጌታ ጨጓራ?» አለች። እትዬ አልማዝ አመድ መሰሉ። 

እናቴ አንገቷን እንኳ ቀና ሳታደርግ፣ «ኧረ እሳቸውን ይተዉልኝ ወይዘሮ ዘነበች፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች። «የዘንድሮ ዛላ እሳት ነው። ፍሬውን ባራግፈውም፣ ባጥበውም አልበርድ አለኝ። ዘንድሮ ለስላሳ የሚባል ነገር የለም፣ ሁላችሁም እሱኑ ነው የምትበሉት፤ እንደለመድኩት ትንሽ ሚጥሚጣ ለሽታው አስነካዋለሁ፣ አለቀ።»

እኔ ክው አልኩ። ያን ዕለት ጠዋት ዛላውን በጥርሷ ቆርጣ ቀምሳ፣ «ኤጭ፣ ዘንድሮ ደግሞ ልፍስፍስ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እናቴ ዋሸች። ለዚያውም በበርበሬ! ሰው ቢሞት እንኳ በበርበሬ የምትዋሽ ሴት አልነበረችም።

የዋሸችውን ደግሞ እውነት አደረገችው። በየቤቱ ልክ ለይታ ታሰጣ የነበረውን ሁሉ አንድ ላይ ከምራ፣ ሚጥሚጣ በእፍኝ በእፍኝ እያፈሰች ጨመረችበት። «እማዬ፣ የዘበኛው ሚስት ልጅ እኮ አፉን ያቃጥለዋል!» ስላት፣ «አያገባሽም፣ ወንፊቱን አቀብዪኝ» አለችኝ። ወፍጮ ቤት ስንወስደው ባለወፍጮው እያስነጠሰ ወጥቶ፣ «እትዬ አስካለ፣ ሰው ሊበላው ነው ወይስ ሌባ ልታባርሪበት?» አላት። ከዚያ ሁሉ ለስላሳ ሆኖ የተዘጋጀው አንድ ትንሽ ላስቲክ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለእትዬ አልማዝ ከምንወስደው ሽሮ ሥር ቀበረችው፣ የሚያቃጥለውን ግን ከላይ፣ ሰው በሚያየው ዘንቢል፣ ክዳኑን ከፍታ ይዛ በሰፈሩ መሃል አለፈች። ግራ ገባኝ። ሰው ደህናውን ደብቆ ብልሹውን ያሳያል?

ገና ሲደርስ ጉድ ፈላ። የዶሮው ወጥ የየቤቱን እንግዳ አስለቀሰ። ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው እየመጡ፣ «አስካለ፣ ምን በደልንሽ? ልትፈጂን ነው?» ይሏት ነበር፤ ከእነሱ የባሰ የተናደዱት ደግሞ «አለሁባት» ብለው ሰው ያመጡት ነበሩ፣ በአማቻቸው ፊት አፍረው፣ በጎረቤት ፊት ቀለው። የዘበኛው ሚስት ብቻ አልጮኸችም። ጣሳውን በር ላይ አስቀምጣ፣ «እኔስ የልጄን አፍ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር» ብላ ሄደች። እማዬ ለሁሉም «የዘንድሮ በርበሬ ነው፣ ምን ላድርግ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። የዘበኛውን ሚስት ከሸኘች በኋላ ግን ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ያን ጊዜ እናቴን ጠላኋት። የሚመጣ ሰው ጠፋ፣ ቤታችን ጭር አለ፣ የምንበላውም ያንኑ የተመለሰውን በርበሬ ሆነ፤ እሷ ዝም ብላ ትጎርሳለች፣ እኔ እያለቀስኩ እጎርሳለሁ።

ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመግዛት ተሰልፌ ሳለ ወይዘሮ ዘነበች አጠገቤ መጥታ ራሴን ዳበስ ዳበስ አደረገችኝ። ከረሜላ ሰጠችኝ። «አንቺ ጎበዝ፣ እነ አልማዝ ቤት ያን የሚያቃጥል ማን ነው የሚበላው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ በርበሬ የሚል ቃል ስሰማ ሆድ ይብሰኝ ነበርና በሰው ሁሉ ፊት ለቅሶዬን ለቀቅሁት። «ሁሉም ናቸው የሚበሉት! ለሁሉም አቃጥላለች! እናቴ ሙያዋ ጠፍቷታል፣ ሰው ሁሉ ትቶናል፣ እኛም እሱኑ ነው የምንበላው!» እያልኩ ስነፋረቅ ሰልፈኛው ዞሮ ያየኝ ጀመር። ከኋላ አንዷ፣ «እውነቷን ነው፣ እኔንም ፈጅታኛለች!» አለች። ሌላዋም ቀበል አድርጋ የባሏን ሳል አወራች። ወይዘሮ ዘነበች ንፍጤን፣ እንባዬን፣ ያጠለቅሁትን የተቀደደ ሹራብ አየችና፣ «በቃ በቃ፣ አታልቅሺ» ብላኝ ሄደች።

ቤት ገብቼ ቁጣውን እየጠበቅኩ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ራሴን እቅፏ ውስጥ አስገብታ፣ ትስቅ ታለቅስ እንደሆነ እንጃ፣ ሰውነቷ ሁሉ እየተነቃነቀ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! ጎሽ የኔ እመቤት!» አለችኝ። ሙያዋ ጠፍቷታል ብዬ አደባባይ ላይ አሰድቤያት ጎሽ መባሌ እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

ግንቦት ላይ ደርግ ወደቀ። ሰኔ ሲገባ እማዬ እጄን ይዛ እነ እትዬ አልማዝ ቤት ስትወስደኝ፣ ዳንኤል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐዩ ዓይኑን ሲያጭበረብረው አገኘሁት፤ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል፣ ጸጉሩ ትከሻው ደርሷል። «ከጅማ መቼ መጣህ?» ብዬ ስጠይቀው እናቴን አይቶ ተነሣና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ኋላ እንደሰማሁት ያን ሁሉ ወራት ከዕቃ ቤቱ ኮርኒስ በላይ ነበር የኖረው። እትዬ አልማዝ፣ «አስኩዬ፣ በየቤቱ ዞሬ እነግርልሻለሁ፣ ያመጣኋቸውን ሁሉ መልሼ አመጣልሻለሁ» ሲሏት እናቴ እጃቸውን ይዛ፣ «አይሆንም እትዬ» አለች። «ምን ይሏቸዋል? ለእኔ ልጅ ብላ የእናንተን ልጅ አውቃ አቃጠለችው ይሏቸዋል? ሙያዋን ረሳች ቢሉኝ ይሻለኛል።» ከዚያ በኋላ ለሰው በርበሬ አላዘጋጀችም። በየድግሱ ሽንኩርት እየላጠች፣ በየቤቱ ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ።

ጎርምሼ፣ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባኝ፣ «ለመሆኑ ልጁ መደበቁን ማን ነገረሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም» አለችኝ። «እዚያ ቤት ያን የመሰለ እሳት የሚበላ እሱ ብቻ ነው። ሰውየው ጅማ ነው፣ አፉ እዚህ ነው?» «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ ሽንኩርቷን መላጧን ሳታቋርጥ፣ «አንቺማ ግራ እንደገባሽ መቅረት ነበረብሽ» አለችኝ። ይህን ሰምቼ ይከፋኝ ደስ ይበለኝ ያን ጊዜም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

አሁን ላፍቶ ላይ የባልትና ሱቅ አለኝ። በርበሬዬ በሦስት ዓይነት ፓኬት ታሽጎ፣ ለስላሳ፣ መካከለኛና የሚያቃጥል ተብሎ ተጽፎበት፣ በስልክ ይታዘዛል፣ በሞተር ይላካል። መልካቸውን አይቼ የማላውቅ ሰዎች «አሪፍ ነው፣ ግዙ» ብለው ይጽፉልኛል፤ እሱን ያነበቡ ሌሎች ደግሞ ይመጣሉ። ሥራው ተመስገን ነው። ለስላሳ ስትወስድ የኖረች ደንበኛ ዛሬ የሚያቃጥል ላኪልኝ ብትለኝ፣ ፓኬቱን ቀይሬ እልካለሁ እንጂ ቤቷ ማን እንዳለ በሐሳቤም አይመጣም።

እማዬ ያረፈች ጊዜ የዘበኛው ሚስት፣ አርጅታ፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ ለቅሶ መጣች። ዳንኤልም ሸብቶ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጧል። አሮጊቷ እጄን ይዛ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «እንደ እናትሽ ያለ ባለሙያ አላየሁም» አለችኝ፤ «ያን ዓመት ብቻ ምን እንደነካት እንጃ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አስባለሁ።» ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ዳንኤልን አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁ። እኔ ዛሬ ስንትና ስንት ደንበኛ አለኝ፤ አንድ ዓመት ባበላሽባቸው ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ እንጂ፣ ምን ነክቷት ይሆን ብሎ ሠላሳ ዓመት የሚያስብልኝ አንድም የለኝም።