በ«አሸነፈ» እና በ«ተሸነፈ» መካከል

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ልጄና አማቼ ቡጢ ሊሰናዘሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የተጣሉት ከከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮኖች ሁሉ ማን ይበልጣል በሚል ነው። አንዱ ስልኩን ከፍቶ ያሳያል፣ ሌላው «እሱ ማንን ገጠመና!» ይላል። በመጨረሻ አማቼ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ እርስዎ የድሮዎቹን ያውቃሉ፤ እስቲ ይፍረዱን» አለኝ። የምልጠው ብርቱካን እጄ ላይ ቀረ። በዚህ ጉዳይ መፍረድ ከተውኩ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።

በወጣትነቴ ነገሌ ቦረና አስተማሪ ነበርኩ። ቀይ አፈሩ ነጭ ሸሚዝ አይወድም፤ በሳምንቱ ሁሉም ሸሚዞቼ አንድ መልክ ሆኑ። ከትምህርት ቤት ስወጣ የማመሸው ወደ ጦር ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወይዘሮ በላይነሽ ሻይ ቤት ነበር። ትኩስ ፓስቲ፣ ወፍራም የወተት ሻይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሬዲዮ ነበራቸው። ሬዲዮው እንግሊዝኛ ሲናገር አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሹመቱ ደሞዝ አልነበረውም እንጂ ኩራቱስ ከደሞዜ ይበልጥ ነበር።

በዚያ በጋ የሻይ ቤቱ ክርክር ቦክስ ነበር። የቦክሰኞቹን ስም በቅጡ የሚጠራ ስላልነበረ እኛው ስም አወጣንላቸው። ከጦር ሰፈሩ የሚመጡ አንድ ሃምሳ አለቃ ከድሮው ሻምፒዮን፣ ከ«ዝምተኛው» በላይ ሰው አልተፈጠረም ይላሉ። የእኔ ሰው «ለፍላፊው» ነበር፤ ገና ሳይገጥም በአፉ የሚጨርሰው።

«እስካሁን ማን አሸነፈው? አንድ ሰው ጥሩልኝ!» እላለሁ።

«ቆይ፣ ገና ነው» ይሉኛል ሃምሳ አለቃው። «ምላስ አጥንት ይሰብራል ቢሉት የምራቸውን መሰለው።»

ይህን ሁሉ ፀጥ ብለው ከሚሰሙት አንዱ ኦቦ ጃተኒ ነበሩ፤ ከነገሌ ፊልቱ የሚመላለሱ፣ አባቴን በዕድሜ የሚበልጡ የቦረና ከብት ነጋዴ። በመንገዱ ሁሉ ግን ከከብት ንግዳቸው ይልቅ የሚታወቁት በኦዱ አድራሽነታቸው ነው። ቦረና መንገደኛ ሲያገኝ፣ «አካም? ናጋ?»፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው ተባብሎ ሲያበቃ ኦዱ ይጠይቃል፦ ዝናብ የት ጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ ውሃ አለው፣ ማን ሞተ። ሰው በሰማው ኦዱ ከብቱን ነድቶ አገር ይለቃል። ስለዚህ የሚናገረው ሰው አይጨምርም፣ አይቀንስም። እኔ ግን ኦዱን «ወሬ» ብዬ ተርጉሜ ተቀምጬ ነበር።

የለፍላፊው ትልቁ ግጥሚያ ሲደርስ የፊልቱ ሰዎች ውጤቱን እንዲያመጡላቸው ኦቦ ጃተኒን አደራ አሏቸው። ለፍላፊው ሙስሊም ነውና እንደ ወንድማቸው ነው የሚያዩት፤ የሬዲዮ ድንጋይ ደግሞ አልቆባቸዋል። በግጥሚያው ማግስት ማለዳ ሃምሳ አለቃው ለልምምድ በረሃ ወርደው ስለነበር ሻይ ቤቱ ውስጥ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ኦቦ ጃተኒና እኔ ብቻ ነበርን። ሬዲዮው ተናገረ። የእኔ ሰው ተሸንፏል፤ ጭራሽ ወድቆም ነበር።

ውጭ የፊልቱ ጭነት መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል። ኦቦ ጃተኒ አንድ እግራቸውን ከደጅ አውጥተው፣ «መምህር፣ ምን አለ? አሸነፈ?» አሉኝ።

«አሸነፈ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ሃምሳ አለቃው እስኪመለሱ ጥቂት ቀን በክርክሩ ሳልሸነፍ ልክረም ብዬ ነው።

ፊልቱ ፍየል ታረደ፣ ሩዝ ተቀቀለ። በሦስተኛው ቀን ከዶሎ የመጣ ሾፌር እውነቱን ነገራቸው። ኦቦ ጃተኒን የሰደባቸው የለም። ብቻ ስለ አንድ ጉድጓድ ውሃ ሲነግሯቸው ሰዎቹ ሌላ መንገደኛ ጠርተው እንደገና ጠየቁ። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ሾፌሩ ነው፤ «ከስድብ ይከፋል» ብሎ።

በቀጣዩ እሁድ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል፣ ሃምሳ አለቃውም ተመልሰዋል። ኦቦ ጃተኒ ገብተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ሰላምታቸውን አንድም ሳያጎድሉ ጨረሱ፤ ቤቱ ናጋ? ተማሪው ናጋ? ከዚያ፣ «መምህር፣ ያን ቀን አሸነፈ ነው ያልከኝ? ወይስ ምን አልከኝ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔማ ተሸነፈ ነው ያልኩት፣ ኦቦ። እርስዎ አሸነፈ ብለው ሰሙት። ምን ይደረግ፣ አማርኛ ያስቸግራል» አልኩና ሳቅሁ። ሰዉም አብሮኝ ሳቀ።

ኦቦ ጃተኒ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «መምህር አይዋሽም» አሉ ለሰዉ። «ጆሮዬ ነው።»

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ በላይነሽ ብርጭቆዬን እያነሱ፣ «የእኔም ጆሮ ታሞ ይሆን እንዴ፣ መምህር?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ጃተኒ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «ሁለቱን ቃል ጻፍልኝ፤ ሁለተኛ እንዳልሳሳት» አሉኝ። በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጻፍኩላቸው። በጣታቸው «አ» እና «ተ» ላይ እየተመላለሱ፣ እንደ ተማሪ ከአፌ እየተቀበሉ ደጋገሙ። አጥርተው ነበር የሚለዩዋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ጥምጣማቸው ውስጥ ከተቱና «ገላቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ደወል ተደወለ፤ ክፍል ገባሁ።

በክረምቱ ተዛወርኩ። ከመሄዴ በፊት ገበያ ዳር አንድ ሰው ኦዱ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«ናጋ» አሉት። «ናጋ ብቻ።» ዝናብም ጉድጓድም አላነሱም።

ይህን ለልጄና ለአማቼ ነገርኳቸው። ልጄ ሳቀ። «አባዬ፣ ሃምሳ ዓመት ያፈርከው በዚህ ነው? የቦክስ ወሬ እኮ ነው!»

«ወሬ አይደለም፣ ኦዱ ነው» አልኩት። አልገባውም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ አልገባኝም ነበር።

የትኛው ሻምፒዮን እንደሚበልጥ አልፈረድኩላቸውም። ወደ ፊልቱ የሚያደርስልኝ ሰው ስላጣሁ ግን ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ እዚህ ጻፍኩት፦ የኦቦ ጃተኒ ጆሮ ደህና ነበር። እኔ ያልኳቸው «አሸነፈ» ነው።