የዳንቪኩ በረዶ ሠሪ የፈረመው ወረቀት

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እኔ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ትልቁ ነገር የበረዶ ሜዳው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የምግብ ዝርዝር ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አርመውልኛል። ግን ስለ ኦረስት ዋሲልኮ የሚወራው ከእውነቱ እየራቀ ሄደ፤ መጻፍ የሚችሉትም ዝም አሉ። እንግዲህ እንደምንም ልሞክረው። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እለፉት፤ ነገሩ ግን አልተሳሳተም።

ኦረስት ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ደግሞ ከዚያ ገላ ይወጣል የማይባል ቀጭን ነው። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፤ ልጅ ሳለ የአባቱ የስንዴ መጫኛ ማሽን ወስዷቸዋል። ሰው ሲያዋራው ያቺን እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታታል። የማያውቁት ቁጥብ ነው ይሉታል። ቁጥብ አይደለም፤ ያፍራል። ባለቤቱ ዶሪን፣ "ለጋብቻ የጠየቀኝ እንኳ በወንድሙ በኩል ነው" እያለች ትስቅበታለች፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

በወጣትነቱ ለከተማችን ለዳንቪክ ዝይዎች ተጫውቷል። ዝይዎቹ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች የሚጫወቱበት የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ነው። በአካባቢያችን ስድስት ከተሞች ስድስት ቡድን አላቸው፤ የብርዱን ወራት ሙሉ በአውቶቡስ እየተመላለሱ ይጋጠማሉ። የማርሎ ደጋፊዎች ሜዳችን በመጡ ቁጥር አፍንጫቸውን ይዘው "ቋ! ቋ!" እያሉ ይጮኹብናል። የኛም ሰው፣ "ዝይ የምትበላ መስሏችሁ ነበር? ዛሬ እሷ ትበላችኋለች!" ይላቸዋል። ማርሎ ከኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ከተማው ትልቅ ነው፤ አንድ ቡድን አልበቃ ብሎት ዘንድሮ ለሁለት የሚሆን አዲስ አዳራሽ ሠርቷል።

ያኔ ኦረስት በግራ መስመር ሲጫወት፣ መሃል ላይ የሚጫወተው ግሌን ሃልቮርሰን ነበር። የኦረስት ሥራ ጥግ ላይ መጋፋት፣ ክርን መቅመስ፣ ጠፍጣፋዋን የጎማ ኳስ ፈልቅቆ አውጥቶ ለግሌን መስጠት ነው። ግሌን ያገባል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የግሌን ፎቶ ነው፤ ኦረስት ከኋላ በከፊል ይታያል፣ አንዳንዴ ክርኑ ብቻ። አንድ ጊዜ ግን አውቶቡስ ውስጥ ግሌን ጎኑ መጥቶ ተቀመጠና፣ "አንተ ባትኖር እኮ እኔ ምንም አይደለሁም" አለው። ኦረስት ያቺን ቃል አርባ ዓመት ይዟት ኖረ።

ኋላ ግሌን ትራክተር ሻጭ ሆነ፣ ከዚያም የቡድኑ ሊቀመንበር። ኦረስት በረዶ ሠሪ ሆነ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመቱ።

በረዶ ሥራ ውሃ ደፍቶ መሄድ የሚመስለው ሰው አለ። መጀመሪያ የሲሚንቶው ወለል በማቀዝቀዣ ሞተር ሦስት ቀን ይቀዘቅዛል። ከዚያ ውሃው እንደ ጤዛ ሆኖ ይረጫል። ኦረስት የውሃውን ጎማ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የኋሊት እየሄደ፣ ከዳር እስከ ዳር ይረጫል። ይጠብቃል። ደግሞ ይረጫል። ነጩ ቀለም ይቀባል፣ መስመሮቹ ይሰመራሉ፣ መሃሉ ላይ ዝይዋ ትሣላለች፣ በላይዋ ደግሞ ሌላ ውሃ፣ ሌላ ውሃ። ሁሉም የወረቀት ያህል የሳሳ ነው። ቢቸኩሉና ወፍራም ቢያፈሱት ከሥር አየር ይይዝና በመጀመሪያው ጨዋታ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። ከአሥራ አንድ ቀን ያሳጠረ ሰው በአገራችን የለም።

የሊጉ ሕግ ደግሞ አጭር ነው። ሴፕቴምበር ሃያ አምስት ተቆጣጣሪ ይመጣል። በዚያ ቀን በረዶው ካልተዘጋጀ፣ የቡድኑ ኮሚቴ አባላቱን፣ ማለትም የከተማውን ሰው፣ ሳይጠይቅ ቡድኑን ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ ይችላል። በረዶው ካለ ግን ያለ አባላቱ ድምፅ ንቅንቅ የለም፤ ቡድኑ የከተማው ነውና።

አባላቱም ድምፃቸውን ሰጥተው ነበር። በረዶው በቀለጠ ሰሞን፣ ቡድኑ ማርሎ ይሂድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ እጅ ይውጣ ሲባል አዳራሹ ሙሉ "አይሄድም" ብሎ እጁን አነሳ። ኦረስት እንኳ የምትደበቀዋን እጁን ነው ያነሳው፤ መቼ እንዳወጣት አላወቀም። ግሌን ተነስቶ፣ "የሕዝቡ ቃል የኔም ቃል ነው" አለ። አጨበጨብንለት።

ኦረስት በሴፕቴምበር አሥራ ሦስት ጎማዎቹን ዘርግቶ ቀዳዳ ሲፈልግ ግሌን በጎን በር ገባ።

"በርቱ!"

"ብቻዬን ነኝ። በርቱ የምትለው ማንን ነው?"

ግሌን ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ውሃ ልትጀምር ነው?"

"ነገ ጠዋት ሞተሩን አስነሳለሁ።"

"ቆይ፣ ተወው። ቀኑ ተገፍቷል። የማርሎ አዲሱ አዳራሽ መብራቱ አላለቀም፤ በሱ ምክንያት ለሁሉም ከተማ ሁለት ሳምንት ጨመሩ።"

"ሁለት ሳምንት?"

"ሁለት ሳምንት። እስከዚያ ባለሙያ ልኬ ሞተሩን አሳይልሃለሁ። አምና ሲያስል አልነበር?"

"እኔ ነኝ ያሳለኝ፤ ሞተሩ ደህና ነው።" ኦረስት ጎማውን አስቀመጠ። "ደብዳቤ መጣ?"

"ኧረ ኦረስት! እኔ ፊትህ ቆሜ ደብዳቤ ትጠይቀኛለህ?"

ኦረስት ጆሮው ድረስ ቀላ። አርባ ዓመት የሚያውቀውን ሰው ወረቀት አምጣ ማለቱ አሳፈረው። ጎማዎቹን ጠቅልሎ ሰቀላቸው። በነዚያ ቀናት በሮችን ቀባ፣ ወንበሮችን አጠበቀ፣ የኔን ሻይ ቤት ማጠቢያ ሳይቀር ጠገነልኝ። ስለ በረዶው ስጠይቀው፣ "ተራዝሟል" ብቻ ብሎ አለፈ። እኔም አመንኩት። ባለሙያ የተባለው ሰው አልመጣም።

ሃያ አምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ኦረስት ደረቁን ሲሚንቶ እየጠረገ ሳለ፣ የሊጉ ተቆጣጣሪ ጃኒስ ፍሪዘን ገባች። የበረዶ ጫማዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች፤ በረዶው ላይ ተንሸራትታ አይታ ነው የምትፈርመው።

ወለሉን አየች። ኦረስትን አየች። "የበረዶ ጫማዬን አድርጌ ልግባ ወይስ እንዳለሁ?" አለች፤ ቀልዷ ግን አፏ ላይ ቀዘቀዘ። "አቶ ዋሲልኮ፣ በረዶው የታለ?"

"ሁለት ሳምንት... ተራዝሟል አይደል?"

"ማን አራዘመው? አምስቱን ከተማ አይቼ ነው የመጣሁት። አምስቱም በረዶ ላይ ቆሜ ነው የፈረምኩት። ማርሎም ጭምር።"

ኦረስት መጥረጊያውን ያዘ እንጂ አልጠረገም። ያን ጊዜ በጭንቅላቱ የመጣው ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ይኼን ነው ደጋግሞ የነገረኝ። ግሌን ተሳስቷል፣ ወይ የተሳሳተ ወሬ ሰምቷል ብሎ ነው ያሰበው። ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ስሕተት ሠራ ከተባለ ደግሞ መሳቂያ ይሆናል፤ ከወንበሩም ያወርዱታል። የበረዶ ሠሪ ስሕተት ግን ምን ይሆናል? ሁለት ሳምንት ይቀለድበታል፣ ያልፋል። ግሌንን ከጥግ ማውጣት የለመደው ሥራ ነው።

"እኔ ነኝ" አለ። "ቀኑ ተምታቶብኝ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት? ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ እኮ።"

"ይጻፉ።"

ጻፈች። መዘግየቱ የበረዶ ሠሪው ጥፋት ነው። ኦረስት ከሥሩ ፈረመ።

ወዲያው ለግሌን ስልክ ደወለና የሆነውን ነገረው።  ግሌን፣ "ፈረምክ?" አለው።

"ፈረምኩ። ስምህን አላነሳሁም።"

"ደግ አድርገሃል፣ ወንድሜ። ለማንም አትናገር። እሁድ ስብሰባ አለ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።"

ያን ቀን ኦረስት ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ሁለት ሳህን በላ። ዶሪን፣ "ምን አግኝተህ ነው?" ብትለው፣ "ምንም" አላት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ በአዳራሹ ሞላ። ግሌን ወረቀት ይዞ ወጣ፤ መነጽሩን አደረገና ያቺን ምክንያት ከነፊርማዋ ጮክ ብሎ አነበባት። "የበረዶ ሠሪው ጥፋት። ኦረስት ዋሲልኮ።" ቀጥሎ ሕጉን አነበበ። ቀጥሎ፣ ኮሚቴው ሳይወድ በግድ ዝይዎቹን ወደ ማርሎ እንደሚወስድ አነበበ።

 አዳራሹ ፈነዳ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራው ዘንድሮ ነው የጠፋህ?" አለ አንዱ።

"እንቅልፍ ወስዶት ነው! ሞተሩ ሲጠፋ እሱም አብሮ ጠፋ!"

"ልጆቻችንን ሸጥካቸው፣ ኦረስት!"

ኦረስት ግሌንን አየ። አሁን ያስተካክለዋል ብሎ ጠበቀ። ግሌን ወረቀቱን ለሁለት አጠፈ፣ ደግሞ ለአራት አጠፈ፤ ቀና አላለም። ኦረስት ተነሳ።  "ቀኑ..." አለ። "ቀኑን እኮ..."

"ተቀመጥ፣ ኦረስት" አለ ግሌን ለስለስ ብሎ። "ማንም አልፈረደብህም። ሁላችንም እናረጃለን።"

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ያቺ ለስላሳዋ ነው የከፋችው። ኦረስት ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን ትንሽ ሸሸት አደረጉ። ዶሪን ብቻ ክንዱን ይዛ ቀረች።

ሰዉ ሲወጣ ኦረስት በጓሮ በር ዞረ። የግሌን መኪና የኋላ በሩ ተከፍቶ፣ ዕቃ እየተጫነ ነበር። ከላይ ካለው ካርቶን አንድ አዲስ የቡድን ልብስ እጅጌው ተንጠልጥሏል። ኦረስት ሳብ አደረገው። ዝይዋ እዚያው ደረቱ ላይ ናት፤ ከሥሯ ግን "ማርሎ" የሚል ተሰፍቷል። የቡድን ልብስ ደግሞ ዛሬ ታዞ ነገ አይደርስም፤ ሰፊዎቹ ሰባት ሳምንት ይፈልጋሉ። ኦረስት የኋሊት ቆጠረ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ደረሰ።

ግሌን ሌላ ካርቶን ይዞ መጣና ቆመ።

"በኦገስት አዘዝከው" አለ ኦረስት።

ግሌን ካርቶኑን አስቀመጠ። "ስማኝ። ይቺ ከተማ እያለቀች ነው። አምና ስንት ሰው ገባ? ልጆቹ ባዶ ወንበር እያዩ ነው የሚጫወቱት። አንድ ሰው ማድረግ ነበረበት።"

"ሕዝቡ እንቢ አለ እኮ።"

"ሕዝቡ እንቢ ብሎ ቤቱ ነው የሚቀመጠው።"

"ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ በረዶውን ትሠራዋለህ።"

"እሠራዋለሁ።"

"ለዚህ ነዋ።"

ኦረስት ልብሱን ይዞ ቆየ። "ስሜስ?"

"እስከ ገና ይረሳል። አንተ ራስህ ነህ ደግሞ የፈረምከው፤ እኔ ፈርም አላልኩህም።" ግሌን እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። "ማርሎ ላይ ቦታ ጠይቄልሃለሁ። አዲስ ማሽን አላቸው፤ ተቀምጠህ ነው የምትነዳው።"

ኦረስት ትከሻውን ከእጁ ሥር አወጣ። ልብሱን እንደነበረው አጣጥፎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ለምን እንደመለሰው፣ ለምን እንዳልወረወረው፣ እሱም አያውቅም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው ዶሪን ሁሉንም አወጣጣችው። ቀኑን፣ ደብዳቤውን፣ ስልኩን። ሲጨርስ መሪውን በጥፊ መታችው።

"እዚያ ተነስተህ ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ያምነኛል? ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ፊርማ ነው።"

"እኔ አመንኩህ አይደል!"

"አንቺማ..." አለ። ቤት እስኪደርሱ ድረስ በመስኮት የታጨደውን የስንዴ ማሳ ሲያይ ሄደ። "ቡድኑ መሄዱ ይቆጨኛል" አለ በመጨረሻ። "ግን እኔን አውቆ ነው የተጠቀመብኝ፣ ዶሪን። እንደማልጠይቀው ያውቃል። እንደምሸፍነው ያውቃል። እንደማልናገርም ያውቃል።"

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የከተማው ወንዶች ሁልጊዜ ቡና በሚጠጡበት የኅብረት ሱቁ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ግሌንም አለ። ኦረስት ገባ።  አንዱ፣ "እዩት፣ ነቃ!" አለ፤ ሁለት ሰዎች ሳቁ።

ኦረስት ቡናውን ቀዳ። ወንበር ስቦ ከግሌን ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ ጣት የጎደላትንም።

"በአሥራ ሦስት ግሌን መጥቶ ቀኑ ተራዝሟል አለኝ" አለ።  "እኔ አመንኩ። ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ የሱን ስሕተት ልሸፍን ብዬ ፈረምኩ። ስሕተት አልነበረም። የማርሎን ልብስ በኦገስት አዝዟል። አለቀ።"

 ከዳር የተቀመጠው ሽማግሌ፣ "እና ለምን ፈረምክ፣ አንተ ጅል?" አለው።

"ጓደኛዬ መስሎኝ።"

ሁሉም ወደ ግሌን ዞረ። ግሌን፣ "ነገሩ እንደሱ..." ብሎ ጀመረና ኩባያውን አዞረው። ቆቡን አነሳ። ወጣ።

ኦረስት አልተነሳም። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠጣው።