ድምፁ ብቻ ይበቃል

ሱቄ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ብዙ የሚያወራው ቨርሊን ነበር። ዕቃ ሊገዛ አይደለም የሚመጣው። ደረቱ በከሰል አቧራ ተበላሽቶ ከማዕድኑ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስታስወጣው ጠመንጃ መደርደሪያዬ ሥር ካለው ወንበር ላይ መጥቶ ይጎለታል። ሴት ገዢ በገባች ቁጥር እኔ አፌን ሳልከፍት ይቀድመኝና፣ "ባለ ፓምፑን ጠመንጃ ስጣት ኤርቪን! መተኮስ እንኳ አያስፈልጋትም፤ ድምፁ ብቻ ይበቃል" ይላል። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም እለው ነበር። በዚህ ሸለቆ፣ ምናልባትም በመላው ኬንታኪ፣ ጠመንጃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው። ሌባ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ያ እጀታ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ሲመለስ፣ ቀጭ-ቋ ሲል ከሰማ፣ እግሬ አውጪኝ ይላል እየተባለ ነው ያደግነው።

እትዬ ዖርፋ ኮምብስ የመጡ ዕለትም ቨርሊን ይህንኑ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

"ቨርሊን! እግርህን ከመተላለፊያው ላይ ሰብስብ!" አሉት ገና ከበሩ። ሰበሰበ። ምን ያድርግ? እትዬ ዖርፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው። ከመሬት ብዙም ከፍ አይሉም፤ ከመሪው በላይ የሚታየው የሹራብ ቆባቸው ብቻ ነበር። በዚያ ገደል መንገድ፣ በዚያ በረዶ፣ እኔንም ቨርሊንንም አንድ ቀን ሳያጋድሉ አድርሰው መልሰውናል። ጸጉራችን ሸብቶም እሳቸው ፊት ልጆች ነን።

"አጭር ጠመንጃ አሳየኝ" አሉኝ። "ኮሪደሬ ጠባብ ነው፣ የእኔም ክንድ አጭር ነው።"

ለምን እንደፈለጉት አገሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ የጓሮው በር ተፈልቅቆ አገኙት። የሟች ባላቸው ረጅሙ የአደን ጠመንጃ የለም፤ ሰውዬው በካንሰር ሲማቅቁ የተረፈው የሕመም ማስታገሻ ኪኒንም የለም። ማን እንደወሰደውም አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንድዬ ልጃቸው ቴሪል ነው። ጣራ ሲሠራ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ፣ ሐኪም ኪኒን አዘዘለት፣ ኪኒኑ ደግሞ እሱን ራሱን በላው። ያንን የመሰለ ሳቂታ ልጅ! እናቱ ግን አላወቁም ብለን፣ ልባቸውን እንዳንሰብር ሁላችን አፋችንን ዘግተን ነበር። ብልጦች መሆናችን ነው።

ሦስት ጠመንጃ አወጣሁላቸው። ቨርሊን ሰደፍ የሌላትን፣ ሽጉጥ የምታህለውን አንስቶ፣ "ይቺ ናት የእርስዎ!" አለ።

"አስቀምጥ!" አልኩት። "ፊልም ላይ ታምራለች እንጂ ስትተኩስ የእጅ አንጓ ትሰብራለች። እትዬ፣ እሱን አይስሙት። ይሄኛው ደግሞ ትልቁን ጥይት የሚጎርሰው ነው፣ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ይሄንን ይያዙት፤ ለልጆችና ቁመታቸው ላጠረ ሰዎች የተሠራ ነው። ሰደፉ አጭር፣ አፈሙዙ አጭር፣ እርግጫውም ቀላል።"

ትከሻቸው ላይ አሳረፉት፤ ልክ ለእሳቸው የተለካ ይመስል ነበር። አንዴ አቀባበሉት። ቀጭ-ቋ።

"ከበር ውጭ ይሰማል?" አሉ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ገዢ የለም። ሌላው ሰው ስለ ክብደቱ፣ ስለ አነጣጠሩ ነው የሚጠይቀው። እሳቸው ቨርሊንን ወደ ውጭ አስወጥተው በሩን ዘጉበትና ደግመው አቀባበሉ።

"ተሰማህ?"

"ኧረ መቃብር ያለውም ይሰማዋል እትዬ!" አለ ከውጭ።

"ጥሩ። እሱን ጠቅልልኝ።"

የጥይት ካርቶን አጠገቡ ሳስቀምጥ በእጃቸው ወደ እኔ ገፉት። "እሱን አልፈልግም።"

እኔ ደግሞ ቁጣዬ ቅርብ ነው። "ምን ማለት ነው አልፈልግም? ጥይት የሌለው ጠመንጃ እኮ ዱላ ነው! ምን ዓይነት ሰው እንደሚገባብዎት በምን ያውቃሉ?"

"የሚገባብኝንማ ያማጥኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። "እንዲሮጥልኝ ነው እንጂ እንዲሞትብኝ አይደለም ኤርቪን። የሚሸጠው ነገር ከእኔ ቤት ካጣ ይቸግረዋል፤ ሲቸግረው ወደ ልቡ ይመለሳል። ያኔ ልጄ ይመጣል።"

ቨርሊን በሩን ከፍቶ ቆሞ ሰምቷል። እኔም ጥይቱን ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

የበረዶው ወራት አለፈ። ቴሪልን ያየ የለም። በኋላ እንደሰማነው ሌላ አውራጃ ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ሱሰኞች የሚያገግሙበት ቤት ገብቶ ነበር። ሕክምናዬን ሳልጨርስ ለእናቴ እንዳትነግሩ ብሎ የቤቱን ሰዎች አስምሏቸው ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እትዬ ዖርፋ ባቄላ ጥደው ቆመው ሳሉ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። እኛ አገር ዘመድ የፊቱን በር አያንኳኳም። ዘመድ በጓሮ ዞሮ "አለሁ!" እያለ ማድ ቤት ይገባል። የፊቱ በር የፖሊስ ነው፣ የሰባኪና የማይታወቅ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ የፊቱን በር ከፍተው ተደብድበው ነበር።

"ማነው?" አሉ። መልስ የለም።

ጠመንጃውን አንስተው አቀባበሉት።

በረንዳው ላይ የቆመው ሰው ወዲያው ደረጃውን ሲወርድ ተሰማቸው። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ጀርባውን አዩ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ የተከረከመ ጸጉር፤ አላወቁትም። ከዚያ አረማመዱን አዩ። አንድ ትከሻውን ጣል አድርጎ መሄድ ያባቱ ነው።

በሩን በርግደው ወጡ። "ቴሪል! ቴሪል ልጄ!" እያሉ በነጠላ ጫማ ጭቃው ውስጥ ሮጡ። ልጁ ዞር አለ። ዞር ብሎም ያየው እናቱ ጠመንጃ ይዘው ሲሮጡበት ነው። እጃቸው ላይ መኖሩን ረስተውታል፤ በስመ አብ፣ ረስተውታል! ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

"እሺ እማ፣ ሄድኩ፣ ሄድኩልሽ" አላቸው፣ ወደ ኋላ እየሄደ። እሳቸው በሮጡ ቁጥር እሱ ይሸሻል። በመጣበት መኪና ገብቶ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ማገገሚያው ቤትም አልተመለሰም። ግንቦት ላይ ሌክሲንግተን ከተማ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ኪኒኑ ነው። ቀብሩ ላይ ከማገገሚያው ቤት የመጣ ሰውዬ፣ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሄዶ እንደነበር ነገራቸው። የማገገሚያው ሰዎች በጓሮ ግባ ቢሉት፣ "በዚያ በር ሰርቄ ወጥቻለሁ፣ በእሱ መግባት አይገባኝም፤ እንደ እንግዳ አንኳኩቼ እጠብቃለሁ" ብሎ ነበር አሉ። ቨርሊን አጠገቤ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ ዖርፋ ሱቅ መጡ። ጠመንጃውን በአልጋ ልብስ ጠቅልለውታል፤ ባንኮኒው ላይ አጋደሙትና፣ "ውሰድልኝ፣ ቤቴ አይደር" አሉኝ። ቨርሊን ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣቸው። እኔ ደግሞ የማጽናናቸው መስሎኝ፣ "እትዬ፣ ራስዎን አይብሉ እንጂ። ባዶ እኮ ነበር" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

"ባዶ መሆኑን እኔ አውቃለሁ ኤርቪን" አሉ። "እሱ አላወቀም።"