የሽታዬ አውራ ጣት

ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎ ነበር። ጎንደር አጠገብ ባለችው የቤተ እስራኤሎች መንደር፣ ወለቃ ውስጥ፣ እንደ ሽታዬ ሸጋ እንስራ የሚሠራ አልነበረም፤ ከጎንደር አራዳ ድረስ የሽታዬን እያሉ ይመጡ ነበር። እንስራዋን የወደዱላት ሰዎች ግን እሷንም ባሏንም «ቡዳ» ነበር የሚሏቸው።

ባሏ ነጋ ቀጥቃጭ ነበር። የመንግሥት ነጭ ለባሹ አላምረው ልጁ ቢታመምበት «የበላኸው አንተ ነህ!» ብሎ በጠራራ ፀሐይ በጠመንጃ ሰደፍ ደበደበው። ነጋ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ወንዶቹ ብንከስ ከመሬታችን እንነቀላለን ብለው ፈሩ። ሽታዬ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከዐሥራ አንድ የመንደሩ ሴቶች ጋር ጎንደር ወጣች። ቀን ቀን ከፍርድ ቤቱ ደጅ «አቤት! አቤት!» ሲሉ ሰነበቱ። ዳኛው ጩኸቱ ሲሰለቸው ቀጠሮ ሰጠ፤ ቅዳሜ።

«በሰንበት እንዴት ይኬዳል?» አለች የነጋ እኅት ባንቺአየሁ። «ከቀረን ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል።»

«ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደን ደጁ ላይ ቁጭ እንላለና! ሰንበት መቀመጥ ከለከለ?» አለች ሽታዬ።

እንዳለችው አደረጉ። ዳቧቸውን ይዘው፣ እሳት ሳያነዱ፣ በዚያ ብርድ ከደጅ አደሩ። ስለ እግራቸው ሲጨነቁ ስለ ጣት ያሰበ አልነበረም።

ጠዋት ጸሐፊው ቀለም አቀረበላት። «ክሱ ያንቺ መሆኑን በጣትሽ አረጋግጪ።»

«ጌታዬ፣ ዛሬ ሰንበታችን ነው፤ መፈረም ሥራ ነው፣ አይፈቀድልንም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይታገሡኝ።»

«ቅዳሜ የምንሠራው እስከ እኩለ ቀን ነው» አለ ዳኛው። «ላንቺ ብለን ፀሐይዋን እንጎትታት?»

ጸሐፊው ሳቀ። ከተከሳሽ ቦታ የቆመው አላምረውም ሳቀ።

ባንቺአየሁ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ምነው ሽታዬ! ወንድሜ እኮ ነው። አኑሪው ጣትሽን፤ እግዜር ያውቅልሻል።»

ሽታዬ አውራ ጣቷን አየችው። ነጋ አንድም ሰንበት መዶሻ አንሥቶ አያውቅም። በእሱ ስም ሰንበት መሻር እሱን ዳግመኛ መግደል መሰላት። እጇን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች።

መዝገቡ ተዘጋ። ባንቺአየሁ ዓመት ሙሉ አላናገረቻትም። አላምረውም ጠመንጃውን እንዳነገተ በሰላም አረጀ።

ሽታዬ ከዚያ ወዲህ በየእንስራው ግርጌ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ አውራ ጣቷን ትጫንበት ጀመር። ሌሎቹ ሴቶችም ተከተሏት፤ በመጨረሻ ባንቺአየሁም። አንድ ቀን የዳኛው ሚስት እንስራ ልትገዛ መጥታ ምልክቱን ዳበሰችው።

«ይህ ደግሞ ምንድር ነው?»

«ፊርማዬ ነው፣ እመቤቴ። ቅዳሜ ጠይቀውኝ ነበር፤ ለጌታው ያድርሱልኝ።»

ሴትዮዋ አልገባትም። ጌጡ ሸጋ ነው ብላ ሌላ አንድ እንስራ ጨምራ ገዛች።