የመጨረሻው ረድፍ ትንፋሽ

የካማላክሺ እጆች ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ጃስሚን በክር ይቋጥራሉ። አበባውን የሰጠቻት ጎን አልጋ ላይ የተኛችው ራትናማ ናት፤ ማይሶር ከተማ፣ መናፈሻው በር ላይ አበባ በክንድ እየለካች የምትሸጥ። ለሁለቱም በአንድ ሳምንት ሰው ሠራሽ ጉልበት ተገጥሞላቸዋል።

ካማላክሺ እዚያው መናፈሻ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩን ሰው ሣር ላይ ደርድራ አተነፋፈስ ስታስተምር ኖራለች። ሕጓ አንድ ነበር፦ ሳታዝዘው ትንፋሹን የለቀቀ ወደ መጨረሻው ረድፍ ይሄዳል። ራትናማም ተማሪዋ ናት፤ ከዚያ ረድፍ ግን ወጥታ አታውቅም።

ቅዳሜ ተማሪዎቿ መናፈሻው ውስጥ የክብር ሻል ሊያለብሷት ቀጥረዋል። ጉልበቷ እስከ ዓርብ ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ ግን ሐኪሙ አይለቃትም። ረቡዕ ገና ስልሳ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ሲያጥፉት አየሩን ያስወጡ» አለቻት ጉልበቷን የምታሠራት ሺልፓ።

ካማላክሺ ጉንጯን ነፍታ ትንፋሿን ያዘች። ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ጉልበቷ ንቅንቅ አላለም።

«አያፍኑት እንጂ!»

«እኔን ነው ትንፋሽ የምታስተምሪኝ? አንቺ ጡት ስትጠቢ እኔ ስልሳ እስክቆጥር እይዝ ነበር!»

«ይኸው ዛሬም ስልሳ ላይ ነዎት» አለች ሺልፓ መለኪያዋን እያየች።

ራትናማ ሳቋን በአንሶላ ሸፈነች። እሷማ እሳት እንደሚያነድ ሰው እፍፍ እያለች ዘጠና አምስት ደርሳለች።

ሺልፓ ስትወጣ ካማላክሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አመመኝ» አለች ቀስ ብላ። ይህን ቃል ከአፏ የሰማ ተማሪ የለም።

«ያማል እንጂ እትዬ! ትንፋሽ ሲያፍኑ ሰውነትዎ ሁሉ ይገተራላ። ይልቅ አበባውን ያንሱ። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ እፍ ይበሉ፣ እግርዎን ሳብ ያድርጉ። ጉልበቱን አይዩት።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አስተማሪ የሆንሽው?»

«ወደ መጨረሻው ረድፍ ይላኩኛ! ክፍሉ እንደሆነ ያለው ሁለት አልጋ ነው።»

ካማላክሺ አኮረፈች። ቆይታ ግን ቋጠረች፤ እፍፍ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ለቀቅ አለ እንጂ። ሐሙስን እንዲሁ ስትቋጥር፣ እፍ ስትል ዋለች።

ዓርብ ዘጠና ሁለት ሆነ። «የሃያ ዓመት ልምድዎ አዳነዎት!» አላት ሐኪሙ።

«አዎ» አለች ካማላክሺ። ራትናማ ቀና ብላ አየቻትና ወደ አበባዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ሻሉን ትከሻዋ ላይ ሲጥሉላት «የመጨረሻው ረድፍ ወደ ፊት ይምጣ» ብላ አዘዘች። ለምን ቢሏት ትንፋሿን ያዘች።

እናንተንም አደራ ትላለች፦ ማን እንዳስተማራት ለመናፈሻው ሰዎች እንዳትነግሩባት። በዚያ ካለፋችሁ ግን ከራትናማ አንድ ክንድ አበባ ግዙ፤ ዋጋ እንዳትከራከሯት።