ግማሹ ግድግዳ

ሰፈሩ እህቴንና ባሏን «ፀሐይና ጨረቃ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ስሙን ያወጣው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እህቴ ዳቦ ቤት የሌሊት ተረኛ ነበረች። ባሏ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ የቀን። እሷ ዱቄት ለብሳ ስትገባ እሱ የጫማውን ክር እያሰረ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ትዳራቸው በር ላይ ነበር። «ሽንኩርት አልቋል»፣ «ልጅቷን አስሏታል»፣ «ቧንቧው ያንጠባጥባል»፤ ይህን ተባብለው አንዱ ወደ አልጋ፣ አንዱ ወደ ሥራ። አንዲት ልጃቸው እናትና አባቷን ጎን ለጎን ያየቻቸው በፎቶ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እሷም አሁን አግብታ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው።

ቤታቸው የራሱ ሕግ ነበረው። ሁልጊዜ አንዱ ተኝቷልና ድምፅ አይሰማም፤ ድስት እንኳን ከሥሩ ጨርቅ ተነጥፎለት ነው የሚቀመጠው። ሌላው ሕግ ግማሽ ነው። እዚያ ቤት ማንም ምንም ነገር አይጨርስም። ምግብ ከተሠራ ግማሹ ተከድኖ ለሌላው ይቀመጣል። ልብስ ከታጠበም እንደዚያው፣ ግማሹ ተዘፍዝፎ ባለተራውን ይጠብቃል። ይህን ማንም ተቀምጦ አልደነገገላቸውም፤ ድካም ነው ያስተማራቸው። ደክሞት የገባ ሰው የቻለውን ያህል ይሠራና የቀረውን ለሚቀጥለው ይተዋል። እኔ በበኩሌ እቀናባቸው ነበር። የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግማሽ ቀርቶ አንዲት ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሁለቱም በአንድ ሰሞን ጡረታ ወጡ። የሰፈሩ ሰው «አሁን ገና ተጋቡ!» ብሎ ቀለደ። እህቴ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ስሰፋ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ሰውየውን አላውቀውም» አለችኝ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ቤቴ ያለውን ነዋ። ስነቃ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲመሽም እዚያው ነው። ሽንኩርት አልቋል ብዬ ከነገርኩት በኋላ ወሬ ያልቅብኛል።»

«ቀስ በቀስ ይለመዳላ!»

«ደክሞኛል እኮ፣ እህቴ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሰው መልመድ አልችልም።» ከዚያ የጓሮ ክፍሌን በር ትክ ብላ አየችው። «ልጄ በስልክ መከረችኝ። ይህን በጋ እንሞክረዋለን። ቤቱን እናድሳለን፣ ወጣ ወጣ እንላለን፣ ደህና ደህና ነገር እንበላለን። ካልሆነልን በጋው ሲያልቅ እኔ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ። ያቺን ክፍል አዘጋጂልኝ።»

ኧረ ተይ ማለት ነበረብኝ። ታላቅ እህትን ከትዳሯ አስወጥቶ መውሰድ ደግ ነገር አይደለም። ግን እኔም ሰው ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ስፌት መኪናው ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ክፍሉን ጠርጌ አዲስ መጋረጃ ሰፋሁለት። ይሳካላቸው ብዬ ጸለይኩ ብል እዋሻለሁ። ጸሎቱን ጀምሬው ነበር፤ አልጨረስኩትም።

ሥራው በሳሎኑ ግድግዳ ተጀመረ። ጋሼ፣ የእህቴን ባል እንዲያ ነው የምጠራው፣ አንድ ባልዲ ቢጫ ቀለም አንጠልጥሎ መጣ። ሾፌር ነውና ግድግዳውን እንደ መንገድ ነው ያየው፤ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና በስተግራ ያለውን እንከን በሌለው ጥንቃቄ ቀባው። መስመሩ ጋ ሲደርስ ብሩሹን አጥቦ አስቀመጠ። የቀረው የእሷ ነዋ! እሷ በዚያ ሰዓት ተኝታለች፤ ሰውነቷ ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም፣ ዛሬም ቀን ቀን ነው የሚተኛው። ስትነሳ ግድግዳውን አየችና ወደ ማድ ቤት ገባች። የመደርደሪያውን አሮጌ ቀለም መፋቅ ጀመረች፤ የላይኞቹን ፍቃ የታችኞቹን ለእሱ ተወችለት።

በጋው ሲጋመስ ቤቱን ማየት ያሳቅቅ ነበር። ግማሹ የተቀባ ግድግዳ፣ ግማሹ የተፋቀ መደርደሪያ፣ አንድ ክንፉ ብቻ የታጠበ መስኮት። «ለሁለት ተከራይ ልታከራዩት ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

ጋሼን ለብቻው ጠየቅኩት። «የቀረው የእሷ ነው» አለኝ። «እኔ የሰው ድርሻ አልነካም።»

እህቴን ጠየቅኳት። «እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነው» አለችኝ።

«ወዴት ነው የሚወጣው? ጡረታ ወጥቶ የለም እንዴ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የእሷ ተራ የሚጀምረው እሱ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ነበር፤ የእሱም እሷ ስትሄድ። አሁን ማንም የሚሄድ የለም፤ ስለዚህ የማንም ተራ አይደርስም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ የተቀዱት በተለያየ ሰዓት ነው መሰለኝ።

ሽርሽሩም ከዚህ አልተሻለም። ሐይቅ ዳር ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ለወሬ ማሟሻ ነው የፈለጉኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጋሼ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠና በየመታጠፊያው ፍሬን እንደሚይዝ ሰው በቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። እኛ ሳንደርስ እሱ ደክሞት ነበር። ምሳ ቤት ገባንና ለእያንዳንዳችን ሙሉ ዓሣ ተጠብሶ መጣልን፤ እንዲያ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም። ጋሼ ግማሹን በላና ሳህኑን ወደ እህቴ ገፋ አደረገው። እህቴም ግማሹን በላችና የእሷን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ብዪ እንጂ» አለ።

«አንተ ብላ እንጂ።»

«እኔስ ጠግቤያለሁ።»

«እኔም ጠግቤያለሁ።»

ሁለቱም እንዳልጠገቡ ዓይናቸው ያሳብቃል። «ኧረ በሞቴ፣ ቢያንስ ተለዋወጡና ብሉት!» ብላቸው በማያውቁት ቋንቋ ያናገርኳቸው ይመስል ዞረው አዩኝ። ሁለቱ ግማሽ ዓሣዎች ተጠቅልለው በላስቲክ ወደ ቤት ተመለሱ። ከምሳ በኋላ ሣሩ ላይ እህቴ ተኛች፣ ጋሼ አጠገቧ ተቀምጦ ዝንብ ከለከለላት። ስትነሳ እሱ ተኛ፣ እሷ ከለከለችለት። ስንመለስ ጆሮዬ ሥር «ይሄ ሽርሽር አይደለም» አለችኝ፤ «ዘብ መቆም ነው።»

ልስቅ ብዬ ፊቷን ሳየው ሳቄ ጠፋ። የዳቦ ቤቱ ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚወጣ ድካም ነበር፤ የአሁኑ እንቅልፍ አያወጣውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የድሮ ሰዎች። የነዚህ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፣ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሽርሽር አልተወጣም። በጋው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው እህቴ መጣችና «ነገርኩት» አለችኝ። «ሰኞ ወደ እህቴ ልሄድ ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሺ አለ።» እንባዋ መጣ። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ፣ እሺ! ዕቃ የሚጫንለት ሰው እንኳን አንድ ቃል ይጨምራል።»

አቀፍኳት። አዘንኩላት፣ በውስጤ ግን የራት ሳህን ሁለት አድርጌ ስደረድር ታየኝ።

ሰኞ ጧት ዕቃዋን ልሸክምላት ባዶ ከረጢቶች ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ጋ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። የጎረቤት መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ቤት ድምፅ ወጥቶ አያውቅማ! ሰዎች በየበሩ ብቅ ብለው ይሰማሉ። ሮጬ ገባሁ።

ጋሼ መሰላል ላይ ነው። ብሩሹ መስመሩን አልፎ የእሷ ግማሽ ውስጥ ገብቷል። እህቴ ከታች ቆማ ትጮኻለች።

«ማን ንካ አለህ? የኔን ግማሽ ማን ንካ አለህ?»

«ልትሄጂ ነው አይደል? ታዲያ ማን ይቀባው? ግማሽ ግድግዳ ታቅፌ ልቀመጥ?»

«ሳይቀባ ይቅር! ደግሞ በቢጫ! ቢጫ እንደምጠላ እያወቅክ!»

ብሩሹ አየር ላይ ቆመ። «ትጠያለሽ? ያንቺ ቀለም አይደለም እንዴ? የተጋባን ዕለት ቢጫ ቀሚስ ነበር የለበስሽው! ይሄን ቀለም ፍለጋ እኮ ከተማውን ዞሬያለሁ!»

«የተዋስኩት ነበር! የእህቴ ቀሚስ ነው!»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እውነት ነው፣ የኔ ቀሚስ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ።

ጋሼ መሰላሉ ላይ እንዳለ ቁጭ አለ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርህ?» አለች። «መቼ? ተኝተህ ነበር!»

ከብሩሹ ቀለም ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም አልጠረገውም።

«አሁን ነቅቻለሁ» አለ ጋሼ። «ንገሪኝ። ሌላስ ምን ትጠያለሽ?»

እህቴ ያለቀውን የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። ፊቷን በእጇ ጠረገችና ጉንጯ ቢጫ ሆነ። «እሺ ማለትህን እጠላለሁ» አለች። ጋሼ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። «ደግሞ ልጄን ስወልድ አልመጣህም። እኔ እያማጥኩ አንተ ሰው ጭነህ ትዞር ነበር።»

«በሆስፒታሉ በር ነበር የማልፈው!» አለ ጋሼ፤ አሁን እሱም ጮኸ። «የሚተካኝ ሾፌር አጥቼ ነው! ባለፍኩ ቁጥር ክላክስ አደርግ ነበር! ትሰማኛለች ብዬ!»

እህቴ አፏን ይዛ ቀረች። «ያ ክላክስ አንተ ነበርክ?»

«እና ማን ይሆናል?»

«ማነው ይሄ ጆሮ የሚያደነቁር ብዬ ቀኑን ሙሉ ስረግምህ ነበር እኮ!»

ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ሁለቱም አለቀሱ፣ እያለቀሱም መጨቃጨቃቸውን አላቆሙም። እኔን የሚያየኝ አልነበረም። ከረጢቶቹን ከፍ አድርጌ «እትዬ፣ ዕቃሽስ?» አልኩ።

«ሂጂ አንቺ» አለችኝ ሳትዞር። «ዛሬ አልመጣም። ገና ተጣልተን አልጨረስንም።»

ከረጢቶቹን አጣጥፌ ወጣሁ። እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ድምፃቸው ተከተለኝ። ለእነሱ ደስ ብሎኛል፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ለራሴ ግን አለቀስኩ። ቤቴ ገብቼ ሥራ ለመጀመር ተቀመጥኩና የባሌን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ሲስቅ የነበረው ወዲያው መጣልኝ። ሲቆጣኝ የነበረውን ቀኑን ሙሉ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም።